ስለ ጨርቁ የሚለው ገጽ

የካቲት 11 ቀን

ይድረስ፣ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ትጋሪ ለነበርሽው፣ በዐይን ክሊኒኩም አብረሻት ትሠሪ ለነበርሽው ነርስ፤

«እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ደብዳቤ መጀመር ልማዴ ነበር። ዛሬ አልጀምርበትም። ምክንያቱን ሌላ ቀን እነግርሻለሁ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። በስልክ እንዳላወራሽ ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ የሷን ድምፅ መጠበቅ እጀምራለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁንልኝ።

የልጄ መርዶ የደረሰኝ ቀን ብቻዬን እንደነበርኩ አስበሽ ተጨንቀሻል። ብቻዬን አልነበርኩም። ስድስት ነበርን። የምሠራበት ስፌት ቤት የተማሪ ሸሚዝ ይሰፋል፤ እኔ የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ እዘመዝማለሁ። ስልኩ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ስለሆነ ሁልጊዜ የምታነሣው ቆራጯ ናት። እሷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አጣብቃ፣ እያወራች፣ እየተሳደበች፣ ጨርቅ ቀጥ አድርጋ የምትቆርጥ ሴት ናት። አብረን በሠራንበት ሃያ ዓመት ውስጥ መቀሷ ጨርቅ መሐል ላይ ሲቆም ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ቆመ። ቀና ስል ወደ እኔ እያየች ነው። አፏን ሳትከፍት ሰማሁ። ነጩ ጨርቅ እስከ ዛሬ ድረስ ግማሹ እንደተቆረጠ ታጥፎ መደርደሪያ ላይ አለ። ማንም አልነካውም።

ሊያጽናናኝ የመጣው ሰው ሁሉ ዐይኔን እያየ «አልቅሳ አልቅሳ ዐይኗን ገደለችው» ይል ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ገና አላለቀስኩም። ዐይኔ እንዲህ ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነው። ጠዋት ስነሣ የዐይኔ ቆብ በደረቀ ነገር ተጣብቆ እምቢ ይለኛል። ጠርዙ ይቀላል፣ ያሳክከኛል፣ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ሽፋሽፍቴ ረግፎ ረግፎ የቀረው የሚቆጠር ነው። ፊደል ሳይ ፊደሉ ይዋኝብኛል።

አሁን ወደ ሰማያዊው ደብተር ልምጣ። አዎ፣ ከዕቃዋ ጋር በስህተት የላክሽው ደብተር እኔ ዘንድ ነው። ሐኪማችሁ ለበሽተኛ የሚታደል መጽሐፍ አድርጎ ሊያሳትመው እንደሚፈልግ ገብቶኛል። ግን አልክም። ይቅርታ አድርጊልኝ። እያንዳንዱ ገጽ «እማ፣» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለኔ የተጻፈ ነገር በፖስታ ተልኮ ቢጠፋ ማን ይመልስልኛል?

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። ልጄ ከመሞቷ በፊት አራት ቀን ታማ ተኝታለች። በአራቱ ቀን ስልክ የሚያነሣ አንድ ሰው ጠፋ?

እናቷ


የካቲት 21 ቀን

እማማ፣

ደብዳቤዎን ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ደብተሩን አልክም ያሉትን ሳነብ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ሳቅሁ። «አልሰጥም» ሲሉ ልክ እሷን ነው የመሰሉኝ። እሷም መርፌና ጥጥ ስንበደራት እንዲሁ ነበረች።

እዚህ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። በሽተኞቹ «ሲስተር ሽፋሽፍት» ይሏታል። ዐይኑን የታመመ ሁሉ ቅባት ይዞ ወደ ቤቱ ሊሮጥ ሲል በሩ ላይ ቆማ «ሽፋሽፍትዎን ሳያጥቡ ቅባቱን ቢቀቡት ሳይጠርጉ ምንጣፍ እንደማንጠፍ ነው!» እያለች ትመልሰው ነበር። ሰው ግን የቃል ትምህርት አይዝም። ሲሻለው ይተወዋል፤ በወሩ ዐይኑ ቀልቶ ይመለሳል። ለዚህ ነው መጽሐፉን የጀመረችው። ሐኪሙ «በጣም ቀለል አድርገሽዋል» ሲላት «እናቴ ከገባት ለሁሉም ይገባዋል» አለችው።

ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን በነጻ የሚሰጠን እስከ ግንቦት ሠላሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሥራ ያውለዋል። አላስቸኩልዎትም፤ ቀኑን ግን ማወቅ አለብዎት ብዬ ነው።

ስለ አራቱ ቀን የጠየቁኝን ዛሬ መመለስ አልችልም። መልስ ስለሌለኝ አይደለም። አይጣሉኝ።

ነርሷ


የካቲት 30 ቀን

ልጄ፣

ዘዴ አገኘሁ! መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ አስነሣለሁ ብዬ ደብተሩን በሻሽ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። እሷ የጻፈችው በእርሳስ ነው፤ ያውም ደብዘዝ ባለ እርሳስ። ማሽኑ ነጭ አስገብቶ ነጭ አወጣ። የፎቶ ኮፒው ልጅ «እናቴ፣ ባዶ ደብተር ነው እንዴ?» አለኝ። «ባዶስ ያንተ ማሽን!» ብዬው ወጣሁ።

ስለዚህ ራሴ እገለብጠዋለሁ። በብዕር፣ በትልልቁ፣ በእጄ። የቆራጯ እህት መምህርት ናት፤ በአንድ ቅዳሜ ልጨርስልሽ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። «እማ» የተባልኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት መስመር ጻፍኩ። ከዚያ ፊደሉ ዋኘብኝና አስቀመጥኩት። በማግስቱም ሦስት። ደብተሩ አርባ አንድ ገጽ ነው፤ በዚህ አያያዝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ቆራጯ አሰላችልኝና «አይዞሽ፣ የልጅ ልጄ ይጨርሰዋል» አለች። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልቤ እየዘለለ ነው። ስሚኝ፣ ምን እንደሚል፦

«እማ፣ የዐይንሽ ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ጀርባ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። ከነሱ ስስ ቅባት ይወጣል፤ እንባሽ ቶሎ እንዳይደርቅ ይሸፍነዋል። ቅባቱ ሲወፍር ቀዳዳው ይደፈናል። ቆቡ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ዐይንሽ ይደርቃል፤ ፊደሉም ይዋኛል።»

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ስዘመዝም የኖርኩ ሴት ነኝ! ቀዳዳ ሲደፈን ቁልፉ እንደማያልፍ ለኔ ነው የሚነገረኝ? ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱ የምቀኛ ዐይን ነው ሲለኝ፣ አንዱ ብርድ ነው ሲለኝ፣ አንዷ የእሳት ጢስ ነው ስትለኝ ኖሬ፣ ነገሩ እኔው የማውቀው ቀዳዳ ኖሯል።

ቀጥላ ሌላውን መንስኤ ሁሉ ዘርዝራዋለች። ቆዳ ላይ የሚኖሩ ተሕዋስያን ሽፋሽፍቱ ሥር ሲበዙ ያመጡታል። የዐይን ኩልና ቀለም ሳይታጠብ ሲያድር ያባብሰዋል። የራስ ፎረፎርም ወደ ሽፋሽፍት ይወርዳል። ይህን ለሥራ ቤቱ ጮክ ብዬ ሳነብ ቆራጯ መቀሷን አስቀመጠች።

«ይህን ለማን ነው የምታነቢው?»

«ለራሴ።»

«ታዲያ ድምፅሽ ለምን ወደኔ ዞረ?»

«ትከሻሽ ላይ በረዶ ወርዶ ስላየሁ ነዋ።»

ሁላችንም ሳቅን። ዜናው ከመጣ ጀምሮ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። ወዲያው ደንግጬ አፌን በእጄ ያዝኩ። እሷ ግን ትከሻዋን እያራገፈች «ሳቂ አንቺ! ያሳቀችሽ ልጅሽ ናት፣ እኔ አይደለሁም» አለችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ የተጻፈውን እያደረግሁ ነው የምገለብጠው። ጠዋት ማታ ለብ ያለ ጨርቅ፣ ቆቡን በጣት ወደ ሽፋሽፍቱ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ከዚያ ማጠብ። ዐይኔ ሲሻለው መስመሩ ይበዛል። መስመሩ ሲበዛ ለግንቦት እንደርሳለን!

እናቷ


መጋቢት 20 ቀን

ልጄ፣

በደስታ ጽፌልሽ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው የገለበጥኩት። ትናንትም ሁለት። ጨርቁን ማድረግ ከጀመርኩ ዐይኔ ባሰበት። ቆቡ አብጧል፤ ቆዳው ደርቆ ይላላጣል፤ ሲነካ ያቃጥላል።

አሁን ምሥጢሬን ልንገርሽ። ልጄ ይህን ሕክምና ከሁለት ዓመት በፊት በደብዳቤ ልካልኝ ነበር። አንድ ሳምንት ሞከርኩት። እንደ አሁኑ ባሰብኝ። ተውኩት። ግን «መድኃኒትሽ አቃጠለኝ» ብዬ እንዴት ልንገራት? በዐይን ሕክምና ተመርቃ፣ ነጭ ልብስ ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ልካልኛለች፤ መጀመሪያ ልታድን ያሰበችው ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ «እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ዐይኔም ደህና ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ አደርገዋለሁ» እያልኩ ጻፍኩላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሸኋት። ዋሽቼአት ሄደች።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ሌላ አለ። ሕክምናው ሕመሜን ካባባሰው፣ ልጄ ተሳስታለች ማለት ነው? ስህተት ከሆነ በእጄ ገልብጬ፣ አሳትሜ፣ በሷ ምክንያት የሰው ዐይን እንዲቃጠል ላደርግ ነው?

ወደፊት ገልጬ ገጽ አሥራ ዘጠኝን አየሁ። አናቱ ላይ «ስለ ጨርቁ» ይላል። ከዚያ ባዶ ነው። ከታች በኩል በትንንሹ «እማን እንደገና መጠየቅ» የሚል ብቻ አለ። አዎ፣ በደብዳቤ ጠይቃኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። «ንጹሕ ጨርቅ ነው፣ አታስቢ» ብዬ ነው ያለፍኳት። የማላደርገውን ነገር ምን ብዬ ላብራራላት?

አሁን በመጨረሻው አጭር ደብዳቤሽ አንቺም ልክ እሷ የጠየቀችውን፣ ጨርቁ ምን እንደሆነና እንዴት እንደማደርገው፣ ጠየቅሽኝ። እኔ ሁለተኛ አልዋሽም፤ ይኸው መልሱ። ውኃው የፈላና የቀዘቀዘ ነው። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ለብታውን በእጅ አንጓዬ እለካለሁ። ጨርቁ ደግሞ በሥራ ቤቱ ካለው ሁሉ ንጹሑ ነው፤ የካውያው ጨርቅ። ሸሚዙ እንዳይቃጠል ከካውያው ሥር የምናነጥፈው ነጩ ጨርቅ ማለቴ ነው። በቀን መቶ ጊዜ ካውያ ያልፍበታል፤ ምን ተሕዋስ በሕይወት ይተርፍበታል? እሱን ውኃ አርከፍክፌ፣ በካውያ አሙቄ፣ አጥፌ ዐይኔ ላይ አደርገዋለሁ። ከካውያ በላይ ምን ያጠራል?

እናቷ


መጋቢት 28 ቀን

እማማ! እማማ!

ጨርቁ ነው! የካውያው ጨርቅ ነው!

ደብዳቤዎን ለሐኪሙ ሳነብለት «የካውያው ጨርቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ከወንበሩ ተነሣ። «ሸሚዙን ምን ይረጩበታል?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ እርስዎ ያውቃሉ። አንገትጌው እንዲቆም አሚዶ ትረጩበታላችሁ አይደል? አዲሱ ጨርቅ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማጠንከሪያና ቀለምም አለ። ይህ ሁሉ በካውያው ሙቀት ጨርቁ ውስጥ ይገባል፤ በቀን መቶ ጊዜ። እርስዎም ያንን አርጥበው፣ አሙቀው፣ በሰውነታችን ላይ ካለው ቆዳ ሁሉ ስሱ ላይ አስቀመጡት! ካውያ ተሕዋስ ይገድል ይሆናል፤ አሚዶን ግን አያጠፋም።

ልጅዎ አልተሳሳተችም። ይህን ሦስት ጊዜ ያንብቡት።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ለሳምንት ያህል ዐይንዎን ያሳርፉት፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ብቻ ያለቅልቁት። ሰፈርዎ ካለው ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፤ ቅባት ካስፈለገ እነሱ ይዘዙልዎት። ከሱቅ በራስዎ ጠብታ አይግዙ፤ አንዳንዱ ለጊዜው አስታግሶ ኋላ ዐይን ይጎዳል። ከዚያ ለራስዎ ብቻ የሚሆን የጥጥ ጨርቅ ያዘጋጁ። አዲስ ከሆነ ደጋግመው ያጥቡት፣ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ ያፍሉት። ያኔ እንደገና ይጀምሩ።

ስለ ውሸቱ ደግሞ፣ እማማ፣ ልጅዎ ታውቅ ነበር። ደብዳቤዎ በመጣ ቁጥር መስኮቱ ላይ ከበፊተኛው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ትለጥፈውና ትጠራኛለች። «ነይ እይ፤ የእማ መስመር ዛሬም ዳገት እየወጣ ነው። ዐይኗ ደህና ቢሆን መስመሩን ትይዝ ነበር። ውሸታም!» ትልና ትስቃለች። አላዘነችም። «ለምን እንደተወችው የሚነግረኝ ጨርቁ ነው» ትል ነበር። ለዚያ ነው ደጋግማ የጠየቀችዎት።

ነርሷ


ሚያዝያ 22 ቀን

ልጄ፣

ዛሬ አሥራ አራት መስመር! አሥራ አራት!

ከየት ልጀምርልሽ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቀስ ብዬ ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ለሥራ ቤቱ አነበብኩት። «ውሸታም!» ያለችኝን ሳነብ አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። ካውያ የምትተኩሰዋ ልጅ ጨርቋን እንደ እባብ በሁለት ጣት አንጠልጥላ ቆመች። ከዚያ ቆራጯ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ግማሹ የተቆረጠውን ነጭ ጨርቅ፣ ያን የስልኩን ቀን ጨርቅ፣ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህን ሸሚዝ ላደርገው ሦስት ጊዜ አንሥቼዋለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ» አለች። «ለዐይንሽ ግን እሺ ይለኛል።»

መቀሷ ከቆመበት ጀመረ። ያን ድምፅ ስሰማ፣ ልጄ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረቴ ውስጥ ታጥፎ የቆየ ነገር አብሮ ተዘረጋ። ስድስት ቁራጭ አወጣችልኝ። አምስት ጊዜ አጠብኩት፤ የመጨረሻው ውኃ ፍጹም እስኪጠራ አለቀለቅሁት፤ አፍልቼ ፀሐይ ላይ ሰጣሁት።

ጤና ጣቢያው ቅባት አዘዘልኝ፤ ማታ ማታ ከታጠብኩ በኋላ ሽፋሽፍቱ ሥር ስስ አድርጌ እቀባለሁ። ጨርቁን አምስት ደቂቃ አደርጋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና አሞቀዋለሁ። የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በጣቴ አሻለሁ። ለብ ባለ ውኃ ላይ የሕፃን ሻምፑ ጠብ አድርጌ፣ ለየዐይኑ ሌላ ጥጥ ይዤ፣ ሽፋሽፍቱን ከሥሩ እጠርጋለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን አራት መስመር። ሁለተኛው ሰባት። ዛሬ ጠዋት ስነሣ ዐይኔ ራሱ ተከፈተ! ማንም ሳይለምነው! ሥራ ቤት ገብቼ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ አሳለፍኩት። «አያችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ማንም አላየም፤ እንደገና አውጥቼ አሳየኋቸው።

አሁን ምሳ ላይ የጨርቅ ሰዓት አለን። ቆራጯ ፎረፎሯን መታጠብ ጀምራለች፤ ለካ የሷም ሽፋሽፍት ሥር ቅርፊት ኖሮታል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ሦስታችን ግድግዳ ተደግፈን፣ ጨርቅ ዐይናችን ላይ አድርገን ስንቀመጥ የስፌት ቤቱ ባለቤት ገባ።

«ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ?»

ቆራጯ ጨርቋን ከዐይኗ አነሣች። እኔ ግን ጨርቁን ሳላነሣ «ሞታለች፤ እኛን ግን እያከመችን ነው» አልኩት። ዐይኑን እያሻሸ «እኔንም ጠዋት ጠዋት ያሳክከኛል» አለ። ቆራጯ ቦታ ለቀቀችለት፤ ጨርቅ ግን «የራስህን አምጣ፣ ይህ የግል ነው!» ብላ ከለከለችው።

ወደፊት ገልጬ ገጽ ሠላሳ ሦስትን አየሁ። እዚያ የጻፈችውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፦ «እማ፣ ይህ በሽታ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። በየቀኑ ሰላም ካላልሽው ይቀየማል። ደህና ስትሆኚም አትተዪው፤ በቀን አንድ ጊዜም ቢሆን ሰላም በዪው።» እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ሐዘንም እንዲሁ ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ጠንክሬአለሁ። የአራቱን ቀን ነገር ንገሪኝ።

እናቷ


ግንቦት 2 ቀን

እማማ፣

እርስዎ ስላልጠነከሩ ሳይሆን እኔ ስለ ፈራሁ ነው የቆየሁት። ይኸው።

የመጀመሪያው ቀን ትኩሳት ብቻ ነበር። ስልኩን አንሥቼ ልደውልልዎት ስል እጄን ያዘችኝ። «ተይ፤ እማ ካለቀሰች ዐይኗ ይብስባታል። ሰኞ ተነሥቼ ራሴ እደውልላታለሁ» አለችኝ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ አለች። ሦስተኛው ቀን ላይ የተሻላት መስሎን ነበር፤ ደብተሩን አምጪልኝ ብላ ጥቂት መስመር ጻፈች። የመጨረሻው ገጽ እሱ ነው። ለሰኞ አልደረሰችም።

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ነርስ ነኝ፤ ማወቅ ነበረብኝ። ስልኩን ባነሣሁ ኖሮ ድምፅዎን ትሰማ ነበር። ይህን ይዤ ነው የምተኛው፤ ይህን ይዤ ነው የምነሣው። ደብተሩም በስህተት አልተላከም፤ እኔ ነኝ ሆን ብዬ ከልብሷ መሐል ያስገባሁት። ምንም ሳልሰጥዎት መቅረት አልቻልኩም።

ይቅር ባይሉኝም ይገባኛል።

ነርሷ


ግንቦት 17 ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ተቀብዬ ሁለት ቀን አልጻፍኩም። በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ዐይኔ ላይ አድርጌ ሳለሁ መልሱ መጣልኝ።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» አልኳት፣ እሷ እንዳታዝን። እሷ አራት ቀን «አትንገሯት» አለች፣ እኔ እንዳላለቅስ። ሁለታችንም ዋሾ ነን፤ ሁለታችንም ስለ አንድ ዐይን ነው የዋሸነው። እናትና ልጅ ተቻችለናል፤ አንቺ ከመሐል ምን አስገባሽ? አንቺ የሷን ቃል ጠበቅሽ፤ ደብተሩን ደግሞ ለኔ ጠበቅሽልኝ። ይቅርታ የሚባለው ነገር ካለ ተደርጓል። ተኚ። ስትነሺም ፊትሽን ታጥበሽ ሥራሽን ሂጂ፤ የሽፋሽፍት ትምህርት በሩ ላይ የሚያስተምር እንዳይጠፋ።

ደግሞም አልቅሼ ነበር፤ በደንብ። ዐይኔ አልባሰበትም! በሽታው ከማልቀስ አይመጣም ብላ ደብተሩ ላይ ጽፋ የለ? በታመመችበት ጊዜ ራሷም ረስታው ነበር ማለት ነው።

እነሆ፣ አርባ አንዱም ገጽ ተገልብጦ አልቋል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት መስመር ጻፍኩ። መስመሩን እዪው፤ መስኮት ላይ ለጥፊና እዪው፤ ዳገት የለውም። ደብተሩ ራሱ ግን እኔው ጋ ይቆያል። አልሰጥም ብያለሁ።

ገጽ አሥራ ዘጠኝን ባዶ አልተውኩትም። «እማን እንደገና መጠየቅ» ብላለች፤ ተጠይቄአለሁ። እንዲህ ብዬ ሞላሁት። ቃሉን ሐኪሙ እንዳያሳምረው ንገሪው፤ ማረም የሚችለው የፊደል ግድፈት ብቻ ነው።

«ስለ ጨርቁ። ጨርቁ የጥጥ ይሁን፤ የራሳችሁ ብቻ ይሁን። ከሥራ ቤት ያነሣችሁት አይሁን። የዳቦ ጋጋሪው መሸፈኛ፣ የመካኒኩ መወልወያ፣ የስፌት ቤቱ የካውያ ጨርቅ አይሁን። እኔ ካውያ የነካው ሁሉ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር፤ አሚዶ ያለበትን ጨርቅ ዐይኔ ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ ዐይኔን አቃጠልኩ፤ ጥፋቱንም በሕክምናው አሳበብኩ። ሕክምናው ልክ ነበር። ከባሰባችሁ ዝም ብላችሁ አትተዉ፤ ደህና ነኝ ብላችሁም አትዋሹ። ያዘዘላችሁን ሰው ሄዳችሁ ጠይቁ። ሲጠይቋችሁም ጨርቁ ምን እንደሆነ በትክክል ንገሩ።»

ከሁሉም በኋላ፣ ከሷ የመጨረሻ መስመር ቀጥሎ፣ አንድ ግማሽ ገጽ ባዶ ቀርቷል። እሱንም ለኔ ስጡኝ። ይህ ይጻፍበት፦

«ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የምታውቋትም የማታውቋትም። ጨርቁን ዐይናችሁ ላይ ስታደርጉ አምስት ደቂቃ ሥራ የላችሁም። ማንበብ አትችሉም፤ መስፋት አትችሉም፤ እጃችሁም ጨርቁን ይዟል። ልባችሁ ግን ሥራ ፈትቷል። እባካችሁ፣ በዚያች አምስት ደቂቃ ይህን ለጻፈችላችሁ ልጄ ጸልዩላት። ሲስተር ሽፋሽፍት በሉ፤ ፈጣሪ ያውቃታል። ነፍሷን እንዲምር፣ ብርሃን ባለበት እንዲያሳርፋት ለምኑልኝ። ረጅም ጸሎት አልጠይቃችሁም። ጨርቁ እስኪቀዘቅዝ ብቻ።»

እናቷ